ከዲላ ወጥቶ በሌሊት ስለ መሄድና ከአውቶሞቢል ሥር ስለሚበራ መብራት

ወደ ዲላ የሚወርድ መንገደኛ ከአዲስ አበባ በማለዳ ተነሥቶ የሞጆንና የዝዋይን ሜዳ፤ የሻሸመኔንና የሐዋሳን ከተማ አልፎ የሲዳማን ምድር ካቋረጠ በኋላ፤ 360 ኪሎ ሜትር ያህል በተጓዘ ጊዜ ዲላ ይደርሳል። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በተራራ እግር ሥር የተቀመጠች ናት። በምዕራብ በኩል ምድሩ ወደ ዓባያ ሐይቅ ቈላ ይወርዳል፤ በምሥራቅ በኩል ግን ሽቅብ ወደ ቡሌ ደጋ ይወጣል። ስለዚህ የዲላ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ወደ አንዱ ወገን ቢሄድ ሙቀት፤ ወደ ሌላው ወገን ቢሄድ ጉም ይቀበለዋል። ዋናው ጎዳና በሁለቱ መካከል ወደ ደቡብ ቀጥሎ ወናጎንና ይርጋ ጨፌን አልፎ እስከ ሞያሌ ድረስ ይዘልቃል።

የጌዴኦን አገር መጀመሪያ ለሚያየው ሰው ምድሩ ሁሉ ዱር ይመስለዋል፤ ነገር ግን ዱር አይደለም። ከላይ ዋንዛና ብርብራ ኮርችም ጥላቸውን ዘርግተው ይቆማሉ፤ ከነሱ በታች ቡናው አለ፤ ከቡናው ጋራ እንሰቱ ሰፊ ቅጠሉን ይዘረጋል። እያንዳንዱ ዛፍ ባለቤት አለው፤ እያንዳንዱም የተተከለው ወይም የተጠበቀው ታስቦ ነው። ምድሩ እጅግ ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ገበሬው በሬ ጠምዶ አያርስም፤ በእጁ መሣሪያ ይኰተኵታል እንጂ። የዛፉም ሥር አፈሩን ስለ ያዘለት ዝናቡ ጠርጎ አይወስድበትም። በዚህ ጥበብ ምክንያት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በ2016 ዓ.ም. በመስከረም ወር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። በዚሁ ጥላ ውስጥ ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቲቲ በሚባሉት ስፍራዎች የጥንት ሰዎች ያቆሟቸው ብዙ የድንጋይ ሐውልቶች አሉ፤ በቱቱ ፈላ ካሉትም በብዙዎቹ ላይ የሰው መልክ ተቀርጾባቸዋል።

ይሁን እንጂ በቀን ዐይንን የሚያስደስተው ይኸው ጥላ በሌሊት ለነጂ ብርቱ ፈተና ነው። ጨረቃ ብትወጣም ብርሃንዋ ከቅጠሉ በላይ ይቀራል። ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥና እስከ ጥር ድረስ ደግሞ የቡና ለቀማ ወራት ነው። ገበሬው ከነቤተሰቡ ቀይ ቀዩን ፍሬ መርጦ ሲለቅም ይውልና ወደ ማታ ከመረከቢያው ቦታ ያደርሳል። ታጥቦ የሚዘጋጀው ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል ይገባዋል፤ በጆንያ ታፍኖ ካደረ ይሞቅና ይብላላል፤ ሽታውና ጣዕሙም ይበላሻል። ጥቂት የተበላሸ ፍሬ ከብዙ ደኅና ፍሬ ጋራ ቢቀላቀል ሁሉንም ያጠፋዋል። ስለዚህ ቡና የጫነ ሰው መሽቷል ብሎ አያድርም።

በ2017 ዓ.ም. በኅዳር ወር የባለቤቴን ታላቅ ወንድም ልንጠይቅ ከነቤተሰቤ ወደ ዲላ ወርደን ነበር። እርሱ ቡና ሰብሳቢ ነውና አንድ ቀን ማታ አብሬው ከይርጋ ጨፌ ወዲያ ከዋናው ጎዳና ተገንጥለን ወደ አንድ ሸለቆ ወረድን። አውቶሞቢሉ በአራቱም ጎማ የሚስብ ላንድ ክሩዘር ሲሆን ከኋላው 15 ጆንያ ቀይ ፍሬ ጫንበት። ቀን ዘንቦ ስለ ነበረ ቀዩ አፈር እንደ ሳሙና ያዳልጥ ነበር። ስንመለስ ከዳገቱ አፋፍ በደረስን ጊዜ የአውቶሞቢሉ አፍንጫ ወደ ሰማይ ቀና አለና የፊት መብራቱ የዛፉን ጫፍ ሁሉ እንደ ቀን አሳየን፤ ከጎማችን በታች ያለውን ግን ምንም አላየንም። ወዲያው የኋላው ቀኝ ጎማ ከመንገዱ ዳር ካለው የውሃ ቦይ ገባ።

የነጂው ረዳት የ18 ዓመት ልጅ ነው። ድንጋይ ለመደገፍ ከሥር ሲገባ ሁለት እጆቹ ስለ ተያዙበት የስልኩን መብራት በጥርሱ ነክሶ ያዘ። ነጂው ከላይ ሆኖ «ልንዳ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ «ቈይ» ሊል ፈልጎ በጥርሱ መካከል «እም» የሚል ድምፅ ብቻ አወጣ፤ ነጂው ግን እሺ ያለ መሰለውና ነዳ። ጎማው ዞሮ ድንጋዩን ባስፈነጠረው ጊዜ የልጁን ሁለት ጣቶች ጨፈለቀበት። እኛ ልጁን ስናስታምምና ጎማውን ስናወጣ ሌሊቱ ሄደ፤ ቡናው ከመፈልፈያው የደረሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ተረካቢውም እጁን ከጆንያው ውስጥ አግብቶ ሙቀቱን ከለካ በኋላ ከ15ቱ ጆንያ ሰባቱን መለሰው።

በማግሥቱ የልጁ እናት ወደ ሐኪም ቤት መጣች። አልጮኸችም፤ ማንንም አልወቀሰችም። የልጅዋን የታሰረ እጅ አንሥታ ከጭንዋ ላይ አኖረችና «የዘንድሮውን ቡና ማን ይለቅምልኛል?» ብቻ አለች። የባለቤቴ ወንድም ይህን ቃል በሰማ ጊዜ አንገቱን ደፋ፤ የሕክምናውንና የለቀማውንም ወጪ ራሱ ቻለ። ዳግመኛም ከአውቶሞቢሉ ሥር መብራት ሳያስገባ በሌሊት እንዳይወጣ ቈረጠ።

ነገር ግን ጸጸት ያጣደፈው ሰው ሠራተኛ አይመርጥም። አንድ ወጣት «በአንድ ሰዓት ውስጥ እጨርሰዋለሁ» ቢለው ሰጠው። ወጣቱም ስምንት ትናንሽ መብራቶች ከሥር ሰቅሎ፤ ገመዱን ከባትሪው ላይ በቀጥታ አንሥቶ፤ መጋጠሚያውን በጣቱ ጠምዝዞ በናስትሮ ጠቀለለው። መብራቱ ሲበራ እንደ ሰርግ ቤት አማረ፤ የሰፈሩም ልጆች ከሥሩ ጨረቃ ወጣች እያሉ ከበቡት። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴንና የ6 ዓመት ሴት ልጃችንን ከፊት አስቀምጦ ወደ ወናጎ ሲሄድ ልጅቱ «አጎቴ፤ ጎማ ጎማ ይሸታል» አለችው። ጥቂት ቈይቶ ከእግራቸው በታች ጢስ ወጣ። ፈጥኖ አቁሞ ልጅቱን አወረደና ኮፈኑን ከፍቶ የባትሪውን ገመድ ነቀለ። ገመዱ ከትኵሱ የጢስ ቱቦ ጋራ ታስሮ ኖሮ ልባሱ ቀልጦ ከብረት ጋራ ተነካክቷል። ጥቂት ብንዘገይ ምን ይሆን እንደ ነበረ አሁንም ሳስበው ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል።

ከዚህ በኋላ በዲላ ወደሚኖሩ ወደ አንድ ሽማግሌ የአውቶሞቢል ኤሌክትሪክ ባለሙያ ሄድን። እርሳቸውም የተቃጠለውን ገመድ በእጃቸው እያገላበጡ ካዩ በኋላ «ልጄ፤ ማብራትማ ሕፃንም ያበራል፤ ሥራው እንዳይቃጠል ማድረግ ነው» አሉት። ሁለት ቀን ሙሉ ሲሠሩ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ያየሁትንና የጠየቅሁትን ለሚሻው ሰው እንዲጠቅም እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

የኤሌክትሪክ ኀይል ከባትሪው በአንዱ ጫፍ ወጥቶ፤ በመብራቱ ውስጥ አልፎ፤ በአውቶሞቢሉ ብረት በኩል ወደ ሌላው ጫፍ ይመለሳል። መብራቱ በመካከል ሳለ ኀይሉን ይመጥነዋል። ገመዱ ተልጦ ብረት ቢነካ ግን ኀይሉ በመብራቱ ማለፉን ትቶ በአቋራጭ ይመለሳልና የሚመጥነው ስለሌለ ገመዱ እንደ ፍም ይግላል። ከዚህ የሚጠብቀን ፊውዝ ነው። ፊውዝ ማለት ከመጠን ያለፈ ኀይል ሲመጣ ገመዱ ሳይቃጠል አስቀድሞ ራሱ ቀልጦ መንገዱን የሚቈርጥ ቀጭን ብረት ነው። ከባትሪው አጠገብ የሚቀመጠውም ከፊውዙ በፊት ያለው ገመድ ጠባቂ ስለሌለው ያ ክፍል እጅግ አጭር እንዲሆን ነው።

የፊውዙ መጠን በግምት አይወሰንም። እያንዳንዱ መብራት 9 ዋት ቢሆን ስምንቱ 72 ዋት ይሆናሉ፤ ይህንን ለባትሪው 12 ቮልት ስናካፍለው 6 አምፔር ይሆናል። ስለዚህ ሽማግሌው የ10 አምፔር ፊውዝ አገቡ፤ ለዋናውም መሥመር ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ገመድ ዘረጉ። ገመዱ ፊውዙ ከሚፈቅደው ኀይል በላይ መሸከም የሚችል መሆን አለበት፤ አለዚያ ጠባቂው ሳይነቃ ቤቱ ይቃጠላል።

ነጂው በጣቱ የሚጫነው ማብሪያ ይህን ሁሉ ኀይል እንዳይሸከም ሪሌ የሚባለውን መሣሪያ በመካከል አደረጉ። የሪሌው አራት እግሮች ቍጥር ተጽፎባቸዋል፤ በ30 በኩል ከፊውዙ የመጣው ኀይል ይገባል፤ በ87 በኩል ወደ መብራቶቹ ይወጣል፤ 86 ከማብሪያው ጥቂት ኀይል ይቀበላል፤ 85 ከአውቶሞቢሉ ብረት ጋራ ይታሰራል። ነጂው ማብሪያውን ሲጫን በሪሌው ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ እንደ ማግኔት ይሆንና የትልቁን ኀይል በር ስቦ ይከፍታል። ነገሩ ጌታ በቤቱ ተቀምጦ በቃሉ ብቻ በረኛውን በር እንደሚያስከፍት ነው።

ገመዱን ሲዘረጉ ከጢስ ቱቦው፤ ከሚሽከረከረው ዘንግና ከፍሬኑ ቱቦ አራቁት፤ በመከላከያ ቱቦ ውስጥ አስገብተው በየጥቂቱ ከሻንሲው ጋራ አሰሩት። ብረት በስቶ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ የጎማ ቀለበት አደረጉለት፤ የብረቱ ስለት ልባሱን እንዳይቈርጠው ነው። ወደ ብረት የሚታሰረውን ጫፍ ቀለሙን ፍቀው፤ አጥብቀው፤ ዝገት እንዳይበላው ቅባት ቀቡት። መብራቶቹም 67 የሚል ምልክት ያለባቸው ናቸው። 6 አቧራ ፈጽሞ እንደማይገባቸው፤ 7 ደግሞ በ1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቈዩ እንደማይበላሹ ያመለክታል። አራቱን ከየፓራፋንጎው ሥር ብርሃናቸው በጎማው ላይ እንዲወድቅ አድርገው፤ ሁለቱን ከመካከል፤ ሁለቱን ከኋላ አኖሯቸው። ቀለማቸውም ነጭ ብቻ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዘመን በዓለም ላይ የነበሩት አብዛኞቹ አውቶሞቢሎች መንገዳቸውን የሚያበሩት በዘይት ወይም አሴቲሊን በሚባል ጋዝ ነበር። ዛሬ ኤልኢዲ የሚባለው ጥቂት ኀይል በልቶ ብዙ የሚያበራው መብራት ነጭ ሆኖ ሊወጣ የቻለው ሰማያዊው ብርሃን ከተገኘ በኋላ ነው፤ ያንንም ያገኙት ሦስቱ የጃፓን ተወላጆች፤ አካሳኪ፤ አማኖና ናካሙራ፤ በ2007 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ይህን ሁሉ ጥበብ ግን አንድ የላላ መጋጠሚያ ከንቱ ያደርገዋል።

በታኅሣሥ ወር መጨረሻ ደግሜ ወደ ዲላ ወርጄ በዚያው ሸለቆ በሌሊት ሄድን። የረዳቱ ልጅ ጣቱ ድኗል፤ አንደኛው ግን እንደ ቀድሞው አይታጠፍም። ከዚያው ዳገት ስንደርስ ጎማችን እንደ ገና ተንሸራተተ። ነጂው ማብሪያውን ሲጫን ከሥራችን ያለው ምድር ተገለጠ፤ የቦዩ ከንፈር፤ የእንሰቱ ሥር፤ የእያንዳንዱም ድንጋይ ጥላ ሳይቀር ታየ። ልጁ ወርዶ በሁለት እጁ ድንጋዩን ደገፈ፤ ከሥሩም ወጥቶ ነጂው በሚያየው ቦታ ቆመና አፉን ሞልቶ «አሁን ንዳ!» አለ። ቡናው ከሌሊቱ 4 ሰዓት ላይ ተፈለፈለ፤ አንድ ጆንያም አልተመለሰም። ከአስፋልቱ በደረስን ጊዜ ነጂው መብራቱን አጠፋው፤ የሥር መብራት ለጭቃና ለገደል እንጂ በጎዳና የሚመጣውን የሌላውን ሰው ዐይን ለማወክ አይደለምና።

የተከበራችሁ አንባብያን፤ ብዙዎቻችሁ ለሥራ ወደ ገጠር የምትሄዱበት አውቶሞቢል፤ ነጂና ረዳት አላችሁ። ከአውቶሞቢሉ ሥር የሚገባው ሁልጊዜ ያ ታናሹ ነው፤ ሲያወልቅም ሲያጠብቅም የሚያይበት ብርሃን እንዳለው የሚጠይቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። እንግዲህ መብራቱን ለማስገባት ያሰበ ሰው ሁለት ነገር አይርሳ። ረዳቱን «ያየህን ሳታይ አትግባ፤ ከሥር ሳትወጣ አትናገር» ይበለው፤ ነጂውንም ልጁን በዐይኑ ሳያይ እንዳይነዳ ያዝዘው። ሠራተኛውን ደግሞ ስለ ዋጋው ከመነጋገሩ በፊት «ፊውዙን የት ታደርገዋለህ?» ብሎ ይጠይቀው። ከባትሪው አጠገብ ብሎ የማይመልስ ከሆነ አውቶሞቢሉን ይዞ ወደ ሌላ ይሂድ።