በሸኖ መንገድ ማሞቂያው ሲቀዘቅዝ

ባለፈው ታኅሣሥ የጓደኛችን እናት ማረፋቸውን የሰማነው በእኩለ ሌሊት ነበር። ቀብሩ በጧት ነው ስለ ተባለ፤ መርዶውንም እንደ አገራችን ልማድ ዘመድ ባለበት ይስማ ብለን «እናትህ ጥቂት አሟቸዋል» አልነውና፤ የአንዳችንን ወንድም አሮጌ ኮሮላ ተውሰን፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አምስት ሆነን ወደ ደብረ ብርሃን ተነሣን። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ሸኖን እንዳለፍን ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ይተፋብን ጀመር። የዚያን አገር የታኅሣሥ ውርጭ እዚያ ያደረ ያውቀዋል። አንዱ «ፊውዙ ነው» አለ፤ ፊውዙ ቢቃጠል ኖሮ ግን ማራገቢያው ባልዞረ ነበር። ሌላው «ጋቢያችንን ተከናንበን እንንዳ፤ ማሞቂያ ቅንጦት ነው» ብሎ ተከራከረ። ጓደኛችንም «ግድ የለም፤ ንዱ፤ ትጠብቀኛለች» አለን። ይህን ሲል እርስ በርሳችን መተያየት እንኳ አልደፈርንም።

ያቆመን የሙቀት መለኪያው ነው፤ መርፌው አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ይል ነበር። የመኪና ማሞቂያ የራሱ እሳት የለውም፤ ከሞተሩ ሙቀት የወሰደው ውሃ ከዳሽቦርዱ ሥር ባለች ትንሽ ራዲያተር ውስጥ ያልፋል፤ ማራገቢያውም አየሩን በእርሷ በኩል ይነፍሳል። ስለዚህ ኮፈኑን ከፍተን ወደ ማሞቂያው የሚሄዱትን ሁለት የጎማ ቱቦዎች ዳሰስን። ሞተሩ ይፋጃል፤ ቱቦዎቹ ግን ሁለቱም ቀዝቅዘዋል። በአንዱ ሥር ርጥበት አየን። ውሃው ጎድሏል ማለት ነው፤ ዝም ብለን ብንነዳ ኖሮ ቴስታው ተበላሽቶ ከመንገድ መቅረታችን ነበር።

የጋለ ራዲያተር ወዲያው አይከፈትም። በዚያ ከፍታ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላልና፤ ክዳኑ ሲነሣ ገንፍሎ ፊት ያቃጥላል። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅን፤ ከሁሉ የከበደን ይህ ነው። የላላውን የቱቦ ማሰሪያ በካቻቪቴ ስናጠብቅ ባትሪ ያበራልን የነበረው ጓደኛችን ነው። ድንገት «አምስት ሰው በዚህ ሌሊት በሽተኛ ለመጠየቅ አይሄድም» አለ። የመለሰለት የለም። መብራቱን ግን ከቱቦው ላይ አላነሣም።

ከጀሪካን 3 ሊትር ያህል ውሃ ጨመርን፤ የማሞቂያውን መቆጣጠሪያ ወደ ሙቅ አድርገን፣ ክዳኑን ሳንገጥም ሞተሩን አስነሥተን አረፋው እስኪያልቅ ቆየን፤ ውስጥ የታመቀ አየር ካለ ውሃው አያልፍምና። ከዚያ ሙቀቱ መጣ። ደብረ ብርሃን እስክንገባ በመኪናው ውስጥ የተነጋገረ የለም።

አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ ደረስን። የመኪናው ባለቤት ግን የውሃውን ነገር እስከ ዛሬ አልሰማም።