የንግድ ጣቢያው እና ጅቡቲ

«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 3» ላይ ከሁሉም ሕንፃ አብልጬ የምወደው የንግድ ጣቢያውን ነው። መንገድ ዳር ትተክለዋለህ፣ ነጋዴው ባለፈ ቁጥር የልምድ ነጥብ ይሰጥሃል። ከፍለህ መንገዱን ስታሻሽለው በነጥቡ ፋንታ ምግብ፣ እንጨት ወይም ገንዘብ መምረጥ ትችላለህ፤ በመጨረሻም ባቡር ይመጣልሃል።

ጅቡቲ ከተማ ሆኜ ሳስበው ይህ የዚህችው ከተማ ታሪክ ነው። ከእሷ በፊት ወደ ሸዋ የሚወጣው ሲራራ ከታጁራ ይነሳ ነበር። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ይዞ በ1886 (እ.ኤ.አ.) ጉዞ የጀመረው ከዚያ ነው፤ ያውም ወራት ሙሉ ተጉላልቶ። ፈረንሳዮች ጅቡቲን የቆረቆሩት በ1888 ነው። ከዚያው የሚነሳው የባቡር ሐዲድ በ1897 ተጀመረ፣ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው።

ጌሙ ላይ ይህ ሁሉ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ሃያ ዓመቱን ማሳጠሩ አይከፋኝም፣ ጨዋታ ነውና። የሚከፋኝ የሰዉ መጥፋት ነው። የጌሙ ነጋዴ ውሃ አይጠማውም፣ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። እዚህ ግን ግመሉን የሚነዳው፣ የውሃ ጉድጓዱን የሚያውቀው፣ ሲፈልግ አሳልፎ ሲፈልግ የሚያግደው አፋሩና ኢሳው ነበር። ንግዱ በእነሱ እጅ ነበር ማለት ይቻላል።

ጌም የምትሠሩ የአዲስ አበባና የጅቡቲ ልጆች፣ እባካችሁ ከታጁራ እስከ ሸዋው አንኮበር ያለውን መንገድ ሥሩልን። የውሃ ጉድጓዶቹንና ባለቤቶቻቸውን ግን እንዳትረሱ።