በአንድ ማዕድ ዙሪያ፦ የሐዋርያት መልእክታትና የዛሬው ክርስቲያን

ከአዲስ ኪዳን 27 መጻሕፍት መካከል 21ዱ መልእክታት ናቸው፤ ብዙዎቹም በታወቀ ከተማ ለሚኖር፣ ፍቅሩም ጠቡም በላኪው ዘንድ ለተሰማ ማኅበረ ምእመናን የተጻፉ ናቸው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ቅዳሴ፣ ከወንጌል አስቀድሞ ዲያቆኑ ከጳውሎስ መልእክታት፣ ንፍቁ ዲያቆን ከያዕቆብ፣ ከጴጥሮስ፣ ከዮሐንስና ከይሁዳ መልእክታት፣ ንፍቁ ካህን ደግሞ ከሐዋርያት ሥራ እያነበቡ ለጉባኤው ያሰማሉ፤ ይህም ሥርዓት መልእክታቱ ከመነሻቸው በጉባኤ መካከል በድምፅ እንዲነበቡ የተጻፉ መሆናቸውን ጠብቆ አቆይቷል። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የላከው መልእክት ለወንድሞች ሁሉ እንዲነበብ አጥብቆ አዝዟል፤ የቆላስይስ ሰዎችም የእነርሱን መልእክት ለሎዶቅያ አሳልፈው፣ በሎዶቅያ ያለውን በምትኩ ተቀብለው እንዲያነቡ ነግሯቸዋል። የሮሜን መልእክት ከጳውሎስ አንደበት እየሰማ የጻፈው ጤርጥዮስ በመጨረሻው ገጽ የራሱን ሰላምታ አክሎበታል። ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት በነበረበት በዚያ ዘመን ባሪያውም ጌታውም፣ መበለቲቱም ባለጸጋውም እነዚህን መልእክታት የሰሙት በአንድ ጉባኤ፣ እርስ በርስ እየተያዩ ነበር።

የዛሬው ክርስቲያን ግን መልእክታቱን የሚያገኛቸው ብዙ ጊዜ ብቻውን ሆኖ ነው፤ አንዱ በጭንቀት ጊዜ የሚያጽናና ቃል ይፈልግባቸዋል፣ ሌላው ከሌላ ቤተ እምነት ሰው ጋር ለሚያደርገው ክርክር ጥቅስ ይለቅምባቸዋል። መጽናናትን መፈለግ የሚነቀፍ ነገር አይደለም፤ ጥንቃቄ የተሞላበት የትምህርተ ሃይማኖት ክርክርም የራሱ ቦታ አለው። ነገር ግን በሁለቱም መንገድ የሚያነብ ሰው፣ መልእክታቱ ደጋግመው የሚያነሡትን ቀላል የሚመስል ጥያቄ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል፤ ጥያቄውም በክርስቲያኖች መካከል ማን ከማን ጋር ይበላል፣ ማንስ የት ይቀመጣል የሚል ነው።

ለዚህ ከመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክት የተሻለ ማሳያ አይገኝም። ቆሮንቶስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ146 በሮማውያን ጦር ከፈረሰች በኋላ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታ፣ ከልደት በፊት በ44 በዩልዮስ ቄሳር ፈቃድ እንደ ገና የተቆረቆረች ከተማ ነበረች። ከሰፋሪዎቿ ብዙዎቹ ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች ነበሩ፤ በምሥራቅ በክንክራኦስ፣ በሰሜን በሌካዮን ወደቦቿ በኩል ንግድ ይጎርፍባት ስለ ነበር፣ የዘር ሐረግ የሌለው ሰው በገንዘቡ ስም የሚገዛባት፣ ያገኘውንም ክብር በግብር አብልቶ የሚያሳይባት ቦታ ሆነች። ጳውሎስ በዚህች ከተማ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ 1 ዓመት ከ6 ወር ተቀመጠ፤ በዴልፊ የተገኘ የድንጋይ ላይ ጽሑፍ ጋልዮስ የአካይያ አገረ ገዥ የነበረበትን ዘመን ስለሚያመለክት፣ ይህ ቆይታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ51 ዓ.ም. ገደማ እንደ ነበር ይታወቃል። መልእክቱን የጻፈው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ በኤፌሶን ሳለ፣ ቀሎዔ ከምትባል ሴት ቤተ ሰዎች ስለ መከፋፈላቸው ከሰማ በኋላ ነው።

ማኅበሩ የራሱ ሕንፃ አልነበረውም፤ የሚሰበሰበው ሰፊ ቤት ባለው በአንዱ ምእመን ዘንድ ነበር፤ ጋይዮስ የተባለው ሰው ቤተ ክርስቲያኑን ሁሉ ያስተናግድ እንደ ነበር ጳውሎስ ራሱ ይመሰክራል። በሮማውያን ልማድ የባለጸጋ ቤት መመገቢያ ክፍል ትሪክሊኒየም ይባላል፤ ሦስት ሰፋፊ መደቦች በሦስት በኩል ተዘርግተው በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ሰው ጋደም ብሎ ይበላ ነበርና ክፍሉ በደንቡ የሚይዘው 9 እንግዶችን ነው። የተረፈው ሰው አትሪየም በሚባለው፣ በቤቱ መካከል በሚገኘው አዳራሽ መቆም ወይም መቀመጥ ነበረበት። እሑድ በሕግ የዕረፍት ቀን የሆነው በ321 ዓ.ም. በቆስጠንጢኖስ አዋጅ ስለሆነ፣ በጳውሎስ ዘመን ባሪያውና የቀን ሠራተኛው ወደ ጉባኤው የሚደርሰው ጌታው ሲያሰናብተው፣ ምናልባትም ከመሸ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ጊዜውም ገንዘቡም የነበራቸው ይዘውት የመጡትን እራት በልተው ጨርሰዋል፤ አንዱ ሲራብ ሌላው ሰክሯል። በመደቡ ላይ የሚጋደሙት እነማን፣ በአዳራሹ የሚቀሩት እነማን እንደ ነበሩ መገመት አያስቸግርም።

ይህ በዘመኑ ዓይን ነውር አልነበረም። ታናሹ ፕሊኒ የተባለው ሮማዊ ባለሥልጣን በዚያው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ገደማ በጻፈው ደብዳቤ፣ አንድ ጋባዥ ጥሩውን ምግብ ለራሱና ለጥቂቶች፣ ርካሹን ለቀሩት ሲያቀርብ፣ ወይን ጠጁንም በሦስት ደረጃ ከፍሎ አንዱን ለራሱና ለቅርቦቹ፣ ሁለተኛውን ለአነስተኛ ወዳጆቹ፣ ሦስተኛውን ከባርነት ነፃ ለወጡት ሲያስቀዳ ማየቱን ይተርካል። ፕሊኒ ነገሩን ቢጠላውም፣ ልማዱ የተለመደ ስለ ነበር የቆሮንቶስ ባለጸጎችም ወንድሞቻቸውን በደሉ የሚል ሐሳብ ወደ ልባቸው አልገባ ይሆናል። ጳውሎስ ግን በእነዚህ ሰዎች ላይ እጅግ ከባድ ፍርድ ይሰጣል፦ መሰብሰባቸው ከሚጠቅም ይልቅ የሚጎዳ፣ የሚበሉትም የጌታ እራት ያልሆነ፣ ምንም የሌላቸውን ማሳፈራቸውም የእግዚአብሔርን ማኅበር መናቅ ነው። ሰው ራሱን ይመርምር፣ ሳይገባው አይብላ የሚለው ታላቅ ማስጠንቀቂያ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ መድኃኒቱም በመልእክቱ ውስጥ ሲነገር፣ ለመብላት በተሰበሰቡ ጊዜ እርስ በርስ እንዲጠባበቁ ነው።

ይህ ቅደም ተከተል በዛሬው ክርስቲያን ዘንድ ሊታሰብበት ይገባል። በኢትዮጵያ ብዙ ምእመናን ከልጅነት ዕድሜ በኋላ እስከ እርጅና ድረስ ከቅዱስ ቁርባን የሚርቁት ሳይገባኝ እቀበላለሁ ብለው በመፍራት ነው፤ ፍርሃቱም ከልብ የመነጨ ስለሆነ ክብር ይገባዋል። ጾምን፣ ንስሐን፣ የሰውነትን ንጽሕና የሚመለከተው ምርመራም ከአበው የወረደ ነው። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው መጀመሪያ የተነገረው ድሃውን በማዕድ ላይ ስላሳፈሩ ሰዎች ከሆነ፣ በንስሐ አባት ፊት የሚቀርበው ሰው በዚህ ሳምንት ማንን አስርቤአለሁ፣ ማንንስ ከበር መልሼአለሁ ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ሲያንስ ማየት በእውነት ያሳዝናል። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር የሚበላው ሰንበቴ፣ አባላቱ በተራ ዳቦውንና ጠላውን ይዘው የሚመጡበት፣ የኔ ቢጤውም ከማኅበርተኛው እኩል የሚቀምስበት ሥርዓት፣ የጳውሎስን አሳብ ከብዙ ስብከት ይልቅ ጠብቆ የያዘ ነው፤ በከተሞች እየሳሳ በሄደበት ቦታ ሁሉ የጎደለው ነገር ትንሽ አይደለም።

የማዕድ ነገር በአንጾኪያም ተነሥቶ ነበር። ኬፋ፣ ማለትም ጴጥሮስ፣ ከአሕዛብ ከመጡት አማኞች ጋር ይበላ የነበረው፣ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች በደረሱ ጊዜ ፈርቶ ራሱን ለየ፤ በርናባስም ሳይቀር ተከተለው። የገላትያ መልእክት እንደሚያወሳው ጳውሎስ በሁሉ ፊት ተቃወመው፤ ጴጥሮስ በቃል የካደው አንድም የሃይማኖት አንቀጽ ሳይኖር፣ ከማዕድ መነሣቱ ብቻ ከወንጌል እውነት እንደ መራቅ ተቆጠረበት።

ያዕቆብ ደግሞ በመልእክቱ ወደ መቀመጫው ያመለክታል። የወርቅ ቀለበት ያደረገና የጌጥ ልብስ የለበሰ ሰው ወደ ጉባኤ ሲገባ በመልካም ስፍራ ይቀመጣል፤ አዳፋ ልብስ የለበሰው ድሃ ግን ወይ እንዲቆም፣ ወይ ከእግር በታች እንዲቀመጥ ይነገረዋል። በዛሬው የቤተ ክርስቲያን ምረቃ፣ በገቢ ማሰባሰቢያ ጉባኤና በትልልቅ የአምልኮ አዳራሾች የፊት ረድፍ ነጭ ጨርቅ የለበሱት ወንበሮች ለማን እንደሚጠበቁ የሚያውቅ ሰው ይህን ምዕራፍ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። በሦስተኛው ምዕተ ዓመት ሶርያ እንደ ተጻፈ የሚገመተውና ዲድስቅልያ በሚል ስም የሚታወቀው የሥርዓት መጽሐፍ፣ ድሃ በተለይም አረጋዊ ሲገባና ቦታ ሲጠፋ ኤጲስ ቆጶሱ ራሱ መሬት ላይ ተቀምጦም ቢሆን ስፍራ እንዲያገኝለት ያዝዛል። ያዕቆብ ቀጥሎ እርሻቸውን ላጨዱ ሠራተኞች ደመወዝ የከለከሉትን ባለጸጎች ይወቅሳል፤ የተከለከለው ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽና የአጫጆቹ ጩኸት ወደ ጌታ ጆሮ እንደ ደረሰ ይናገራል።

ይህን የያዕቆብ ቃል በቤት ሠራተኛነት ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሄዱ፣ ደመወዛቸው የተያዘባቸው ኢትዮጵያውያት ቤተሰቦች በእንባ ቢያነቡት የሚገባ ነው። ሆኖም ስለ እነርሱ በሚጸለይበት የአዲስ አበባ ቤት ውስጥ ከገጠር የመጣች ልጅ ትኖራለች፤ እሑድ ጠዋት ቤተሰቡ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቅዳሴ ሲሄድ እርሷ ሽንኩርት እየከተፈች ትቀራለች፣ ሲመለሱ ገበታውን ታቀርባለች፣ እርሷ ግን የተረፈውን በማድ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትበላለች። ማንም ክፋት አስቦ ያደረገው አይደለም፤ የቆሮንቶስ ባለጸጎችም ክፋት አላሰቡም።

ለፊልሞና የተጻፈው 25 ቁጥሮች ብቻ ያሉት መልእክት የሚገባው ወደ እንዲህ ያለው ቤት ነው። ጳውሎስ ከእስር ቤት ሆኖ አናሲሞስን፣ የፊልሞናን ባሪያ፣ ወደ ጌታው ይመልሰዋል፤ ነገር ግን ከባሪያ የሚሻል የተወደደ ወንድም አድርጎ፣ ራሱ ጳውሎስ እንደ መጣ ቆጥሮ እንዲቀበለው ይለምናል፣ የበደለው ወይም የተበደረው ቢኖርም እኔ እከፍላለሁ ብሎ በገዛ እጁ ይፈርማል። የባርነትን ሥርዓት በአዋጅ አላፈረሰም፤ በዚህም ምክንያት በኋለኞቹ ዘመናት ባሪያ አሳዳሪዎች መልእክቱን ለራሳቸው ወገን ጠቅሰውታል፤ ይህ አጠቃቀም ግን መልእክቱ ከሚጠይቀው ነገር ጋር አይገጥምም፤ ምክንያቱም ባሪያን እንደ ሐዋርያው የሚቀበል ሰው በማድ ቤት ሊያበላው አይችልም። በተጨማሪም መልእክቱ የግል ጉዳይ የያዘ ቢሆንም የተላከው ለፊልሞና ብቻ ሳይሆን ለእኅት አፍብያ፣ ለአርክጳና በቤቱ ለሚሰበሰበው ማኅበር ጭምር ነው፤ ፊልሞና ደብዳቤውን አንብቦ በኪሱ ሊያኖረው፣ ለአናሲሞስም የሚገባውን በስውር ሊወስን አልቻለም። ጳውሎስም ከመሰናበቱ በፊት ማደሪያ እንዲዘጋጅለት ይጠይቃል፤ ከእስር ሲፈታ ወደዚያው ቤት መጥቶ ከእነርሱ ጋር በማዕድ ለመቀመጥ፣ አናሲሞስም የት እንደ ተቀመጠ በዓይኑ ለማየት ያሰበ ይመስላል።