የፈረስ ጉልበት በወሬ አይመዘንም

የሰው ልጅ ጉልበትን ከእንስሳ ጋራ አስተያይቶ መናገር ከጀመረ ብዙ ዘመን ነው። «እንደ በሬ ጠንካራ፥ እንደ ፈረስ ፈጣን» ማለት በየአገሩ የቈየ ልማድ ነው። ሞተር ከተፈለሰፈ ወዲህ ደግሞ ፈረስ የሞተር ጉልበት መለኪያ ሆነ፤ ስሙም እስከ ዛሬ በየመኪናው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል። ዳሩ ግን የሚቈጠር ነገር ሁሉ ተቈጥሮ እንደሚሸጥ አንባቢ ያውቃል። ቍጥሩን የሚናገር ሰው ቍጥሩን የለካ ሰው ላይሆን ይችላል። እኔም በዚህች አጭር ጽሑፍ ስለዚሁ ጉዳይ ያለኝን አስተያየት ለመምህራኖቼ፥ ለወላጆችና ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ ላቀርብ አስቤአለሁ።

ከጓደኞቼ ብዙዎቹ በስልካቸው የአሜሪካንን ጡንቸኛ አውቶሞቢሎች፥ እነሙስታንግን፥ እነካማሮን፥ ማየት ይወዳሉ። እዚያም «ይህችን ዕቃ ብትገጥሙ፥ ኮምፒውተሩን እንዲህ ብታስተካክሉ 100 የፈረስ ጉልበት ይጨምራል» የሚል ማስታወቂያ አይጠፋም። ይህ ነገር ከእኛ የራቀ እንዳይመስላችሁ። ቂሊንጦ የከባድ መኪና ጎረቤት ናት። በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ሲሚንቶ፥ ጠጠር፥ ብረትና እህል የጫነ መኪና ሌትና ቀን ያልፋል። በየጋራዡም «ፖምፓውን ከፈት እናደርግልሃለን፤ ኮምፒውተሩን ፍላሽ እናደርግልሃለን፤ ከዚያ በኋላ አቀበት አታውቅም» የሚል ቃል ይሰማል። ለሀብታም ልጅ ነገሩ ጨዋታ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ መኪና ለሚተዳደር ቤተ ሰብ ግን የዓመት ኑሮ ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ የፈረስ ጉልበት ምን እንደ ሆነ እንይ። በ18ኛው መቶ ዘመን ጀምስ ዋት የተባለው የስኮትላንድ መሐንዲስ የእንፋሎት ሞተሩን ለገዢዎች ሲያስረዳ፥ ወፍጮ ከሚያዞር ፈረስ ሥራ ጋራ አስተያይቶ ነበር። ዛሬ በሜትሪኩ አቈጣጠር አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ ግራም በአንድ ሰከንድ ውስጥ አንድ ሜትር ከፍ ማድረግ ማለት ነው። ይኸውም ሦስት አራተኛ ኩንታል እህልን በአንዲት ሰከንድ አንድ ሜትር እንደ ማንሣት ነው። በዋት ሲቈጠር ወደ 735 ይደርሳል። የእንግሊዞቹ ፈረስ በጥቂት ይበልጣል፤ 746 ዋት ያህል ነው። ስለዚህ «ስንት ፈረስ?» ብሎ ከመጠየቅ በፊት «የማን ፈረስ?» ብሎ መጠየቅ እንኳ ያስፈልጋል።

ከዚህም የሚበልጥ ልዩነት አለ። ሞተሩ ከመኪናው ወጥቶ፥ ማርሚታውንና ዴፕራተሩን፥ ሌላም ሸክሙን ሁሉ አራግፎ ሲለካ የሚያሳየው ቍጥር አንድ ነው፤ እንደ ተገጠመ ሆኖ ሲለካ የሚያሳየው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የተሠራው የኮርቬት አንደኛው ትልቅ ሞተር በፊተኛው አለካክ 425፥ በኋለኛው አለካክ 325 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ተጽፎለታል። ሞተሩ ያው አንድ ነው፤ ዓመቱም አንድ ነው፤ መቶ ፈረስ ግን በወረቀት ላይ ጠፋ። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ከ1972 ጀምሮ ሁለተኛውን አለካክ ስለ ያዙ፥ ብዙ ሰው መኪናዎቹ በአንድ ሌሊት የደከሙ መስሎት ነበር። እርግጥ በዚያው ሰሞን የጢስ ደንብ ሞተሮችን በእውነት አዳክሟል፤ ቢሆንም ከጐደለው ቍጥር ብዙው የአለካክ ለውጥ ነበር።

ሞተሩ የሰጠውም ሁሉ ጎማ ላይ አይደርስም። ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ከመቶ ከ10 እስከ 20 የሚደርሰውን በመንገድ ይበሉታል። ስለዚህ አንዱ ጎማ ላይ የተለካውን፥ ሌላው ሞተሩ ላይ የተለካውን ቢናገር ሁለቱ ሰዎች ሳይዋሹ ሊጣሉ ይችላሉ።

ትልልቅ ፋብሪካዎችም ቢሆኑ ከመለካት አያመልጡም። ፎርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣውን ሙስታንግ ኮብራ 320 የፈረስ ጉልበት አለው ብሎ ሸጠ። ገዢዎች ግን መኪናቸውን በመለኪያ ላይ አውጥተው ሲያዩት ቍጥሩ ጐደለባቸው። በመጨረሻም ፋብሪካው ያልተሸጡትን አቁሞ፥ የተሸጡትን ጠርቶ፥ አየር የሚያስገባውን ክፍል፥ ኮምፒውተሩንና የጢስ ማውጫውን ቀየረላቸው። ገዢዎቹ በአደባባይ አልጮኹም፤ ለክተው ያገኙትን ወረቀት ይዘው ሄዱ።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። እኛ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ምድር ላይ እንኖራለን። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ በአንድ ሊትር አየር ውስጥ ያለው ነገር ከባሕር ዳሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ሞተር ነዳጅ ብቻውን አያቃጥልም፤ ነዳጅን በአየር ያቃጥላል። አየር ሲጐድል ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይጐድላል። ስለዚህ በፋብሪካው ወረቀት 100 ፈረስ ያለው ሞተር ቂሊንጦ ሲደርስ 80 ያህል ብቻ ይዞ ይሠራል። ከጅቡቲ ወደብ ጭነት ይዞ የሚመጣ ሾፌር ሞተሩ ደጋ ሲወጣ እንደሚለግም፥ ሲወርድ ደግሞ ነፍስ እንደሚዘራ ከማንም በላይ ያውቃል።

ከዚህ ላይ አንድ የተሰወረ ነገር ልጠቍም። መለኪያ መሣሪያዎች በደጋ የተለካውን ቍጥር አስልተው «ይህ ሞተር በባሕር ዳር ቢሆን ይህን ያህል ይሰጥ ነበር» የሚያሰኝ ሒሳብ አላቸው። ሒሳቡ ራሱ ነውር የለበትም። ዳሩ ግን የፊተኛው ቍጥር እንዳለ፥ የኋለኛው ደግሞ ተስልቶ ቢጻፍ፥ 80 የነበረው 100 ሆኖ ይታያል። አንዲት ብሎን ሳትፈታ 20 ፈረስ ተወለደ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ እንድመረምር ያደረገኝ በቤታችን የደረሰ ነገር ነው። አባቴ ቱርቦ የሌለው የቈየ ኢሱዙ አላቸው፤ ስድስት ነፍስ በርሱ ይተዳደራል። ባለፈው ዓመት አንድ የታወቁ መካኒክ፥ የአባቴም የልብ ወዳጅ የሆኑ፥ «ፖምፓውንና ኖዝሉን ላስተካክልልህ፤ 40 ፈረስ ይጨምራል» አሏቸው። የተጠየቀው ገንዘብ ለሁለት ጎማ ከተቀመጠው ጋራ እኩል ነበር። የፊት ጎማዎቹ ደግሞ አልቀው ነበር። አባቴ ወዳጃቸውን «አላምንህም» ለማለት አፈሩ፤ ገንዘቡንም ለመስጠት ፈሩ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው እናቴ ነግራናለች። ሰው ወዳጁን ላለማስቀየም ሲል የልጆቹን አደጋ የሚገዛበት ጊዜ አለ።

እኔም «አባባ፥ እሳቸውንም ሳናስቀይም ልንለካው እንችላለን» አልኋቸው። መካኒኩ ሲሰሙ ሣቁና «ደግ ነው ልጄ፥ ለኪው፤ ቀድሜ ሠርቼ ኋላ እከፈላለሁ» አሉ። ይህን በማለታቸው እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ።

አለካካችን እንዲህ ነበር። ከሠፈራችን የማይርቅ፥ ማለዳ ሰው የማይበዛበት አንድ አቀበት መረጥን። ግንበኞች ልክ በሚይዙበት ውሃ በተሞላ ቱቦ ከታች እስከ ላይ ስንለካው ከፍታው 24 ሜትር፥ ርዝመቱም 400 ሜትር ያህል ሆነ። መኪናው 40 ኩንታል ያህል ጠጠር ጭኖ በመኪና ሚዛን ላይ ሲወጣ ከነጭነቱ 7,000 ኪሎ ግራም ያህል መዘነ። አባቴ ከመነሻው ምልክት ቀደም ብለው የነዳጁን ፔዳል እስከ መጨረሻው ረግጠው ፍጥነቱ እንዲረጋ አደረጉ፤ እኔ ከጎናቸው ሆኜ ከምልክት እስከ ምልክት ሰከንዱን ቈጠርሁ። ፍጥነታችን በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ነበረ ለማንም አደጋ አልሆነም። ሦስት ጊዜ ወጣን፤ አማካዩ 40 ሰከንድ ነበር።

ሒሳቡን የ9ኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። 7,000 በ9.81፥ ያንንም በ24 ሜትር አባዝቶ በ40 ሰከንድ ማካፈል ነው። የሚወጣው 41,200 ዋት ያህል፥ ማለት 56 የፈረስ ጉልበት ነው። ይህ ጭነቱን ሽቅብ ለማንሣት ብቻ የዋለው ነው፤ ነፋስና ጎማ የሚበሉት ሌላ ነው። የተባለው 40 ፈረስ ቢጨመር ግን መኪናው ያንን አቀበት በ25 ሰከንድ ገደማ መጨረስ ይገባው ነበር።

ፖምፓው ከተስተካከለ በኋላ በማግሥቱ ማለዳ፥ በዚያው ጠጠር፥ በዚያው አቀበት ሦስት ጊዜ ወጣን። አሁንም ማርሹን አባቴ እንደ ፈቀዱ ቀያየሩ። አማካዩ 38.9 ሰከንድ ሆነ። በሒሳቡ 57.6 ፈረስ ነው፤ የተጨመረው ሁለት ፈረስ እንኳ አይሞላም። ከኋላችን ደግሞ ጥቍር ጢስ መንገዱን ሸፈነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በእኛ ከፍታ ለሞተሩ የጐደለው አየር ነው፤ የተጨመረለት ግን ናፍጣ ነው። የሚያቃጥለው አየር ያላገኘ ናፍጣ ጢስ ሆኖ ይወጣል፤ ገንዘብ ያባክናል፤ ሙቀቱም ፒስተንና ቴስታታ ይጎዳል።

መካኒኩ ጢሱን ቆመው አዩ፤ ከዚያም የጻፍሁትን ወረቀት ተቀብለው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ይህን ቍጥር እኔም ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት፤ የለካው አልነበረም» አሉ። በዚያው ቀን ፖምፓውን በራሳቸው እጅ ወደ ነበረበት መለሱት። አባቴም የድካማቸውን ከፈሏቸው፤ በቀረው ገንዘብ ጎማ ተገዛ። ሁለቱ ወዳጆች ዛሬም ቡና ይጠራራሉ። ወረቀቱ መካከላቸው ባይገባ ኖሮ፥ ወይ ገንዘቡ ወይ ወዳጅነቱ በጠፋ ነበር።

ይህን ስል ጉልበት ማስጨመር ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን ራሱ አምቆ ስለሚያስገባ፥ ኮምፒውተሩ ግፊቱን ከፍ እንዲያደርግ ቢታዘዝ ከመቶ 20 ወይም ከዚያ በላይ ሊጨምር ይችላል። ያን ጊዜም ቢሆን ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው ያልተሠሩበትን ሸክም ይሸከማሉ። ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ ግን በማስተካከል ብቻ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ነው። እንግዲህ ጉልበት እጨምርልሃለሁ ለሚል ሰው የሚቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ ቍጥሩ የተለካው ሞተሩ ላይ ነው ወይስ ጎማው ላይ? በየትኛው ከፍታ? ፊትና ኋላ በአንድ መሣሪያና በአንድ ሒሳብ ተለክቷል ወይ? ከሁሉም በላይ፥ የሚጨመረው አየር ከየት ይመጣል?

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ስለ ተከለከለ፥ በእጃችን ያሉት ሞተሮች ብዙ ዓመት መሥራታቸው አይቀርም፤ ሞተር አድሳለሁ ባዩም እንዲሁ ይበዛል። በኤሌክትሪክ የሚሄዱትም ቢሆኑ የአየሩ መሳሳት ጉልበታቸውን አይቀንሰውም እንጂ በቍጥር መመስገናቸው አልቀረም። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ጭምር ይመስለኛል።

ስለዚህ የትምህርት ቤታችን የፊዚክስ ተማሪዎች አንድ ሥራ እንድንጀምር አሳስባለሁ። አቀበቱ ተለክቷል፤ የሚያስፈልገው ሚዛን፥ ሰዓትና ደብተር ነው። ጉልበት ሊያስጨምር የሚያስብ የሠፈራችን ሾፌር ሁሉ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊትና በኋላ መጥቶ ቢያስለካ፥ ቍጥሩን በደብተር ጽፈን ለሌላውም እናሳያለን። በሠፈራችን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስላለም ሒሳባችንን የሚያርምልን ዐዋቂ አይጠፋም። ፈቃደኛ የሆነ ጓደኛ ቅዳሜ ማለዳ በ12 ሰዓት ተኩል ከአቀበቱ ግርጌ ቢመጣ ቱቦውንና ደብተሩን ይዤ እገኛለሁ።