ነፋስና የእርሻ መሬት

ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ስንጓዝ ሐሙሲትን እንዳለፍን ሰፊው የፎገራ ሜዳ ይገለጥልናል። በመከር ጊዜ ገበሬው በዐውድማው ላይ ምርቱን በላይዳ ወደ ላይ ሲበትን ነፋስ ገለባውን ከፍሬው ይለይለታል። ነፋስ ለዚህ አገር ሰው ደመወዝ የማይጠይቅ ረዳት ነው።

ይኸው ነፋስ በሌላው የአገራችን ክፍል መብራት ሆኗል። በመቐለ አጠገብ በአሸጎዳ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው ጣቢያ 84 ተሽከርካሪዎች ተተክለውለት 120 ሜጋዋት እንዲያመነጭ ተሠራ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ማገዶ አይሻም፤ ጢስ የለውም፤ በበጋም የግድቦች ውኃ ሲጎድል ነፋሱ ይበረታል።

ነገር ግን ጉዳትም አለው። ምሰሶው የሚቆምበትና መንገዱ የሚያልፍበት ስፍራ የገበሬ እርሻ ነው። ድምፁ በቅርብ የሚኖሩትን ያውካል፤ ክንፉም አዕዋፍን ይመታል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን፣ የኃይሉ መስመር በመንደር ላይ አልፎ ወደ ከተማ ሲሄድ ከሥሩ ያለው ጎጆ በኩራዝ ሊቀር መቻሉ ነው።

ነፋስ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ መሬቱ ግን የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ወደ አገራችን ገጠር በመጣ ጊዜ ሁሉ ባለመሬቱ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ተገቢው ካሳ ይከፈለው፤ ከብርሃኑም ይካፈል ዘንድ ይገባዋል እንላለን።