ቤንዚኑ ወዴት ይሄዳል?



ጀመዓችን የራሱ መኪና የለውም። የኢፍጧሩን ቴምር፣ የሳምቡሳውን ዱቄትና ዘይት፣ አንዳንዴም የኪታብ ካርቶን ከወልቂጤ ጉብሬ ድረስ የሚያመጣልን አንድ የሰፈሩ አባታችን ለአላህ ብለው የሚያውሱን ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ስለሆነ ከአብዛኞቻችን በዕድሜ በእጥፍ ይበልጣል። መንገዱ 14 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ዱቄትና ዘይት በባጃጅ ማመላለስ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ግን የገንዘብ ያዦቻችንን ፊት ያየ ያውቀዋል።

ባለፈው ረመዳን ይህ መኪና ሁለት አመል አወጣ። አንደኛው፣ ጠዋት አልነሳም ማለት ነው። ሞቶሪኖው ይዞራል፣ ይዞራል፣ ባትሪው ሊዝል ሲል ተንገዳግዶ ይነሳል። ሁለተኛው ሽታ ነው። ሽታውን ቀድመው የነገሩን እህቶቻችን ናቸው። ከግቢ ውጭ ኢፍጧር የምናዘጋጅበትን ቤት የምታውቁ፣ መኪናው የሚቆመው ከአጥሩ ጥግ፣ ሳምቡሳው የሚጠበሰው ደግሞ ከዚያ ዝቅ ብሎ ግቢው ውስጥ በከሰል ምድጃ መሆኑን ታስታውሳላችሁ። በእርምጃ ስንለካው ዘጠኝ እርምጃ ነበር፤ መሬቱም ወደ ምድጃው ያዘቀዝቃል።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው በዚያ ዘጠኝ እርምጃ ምክንያት ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ብርድ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ያወጣል፤ የጉብሬ ሌሊት ምንም ቢበርድ ለእሱ ሙቀት ነው። ተኑ ከአየር ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ላይ አይበተንም፤ እንደ ውሃ መሬት ለመሬት እየተሳበ ዝቅ ወዳለው ቦታ ይወርዳል። ጠብታውን ሳናይ ተኑ ከሰሉ ዘንድ ሊደርስ ይችላል። በዚያው ዕለት መኪናውን ከአጥሩ ውጭ፣ ከቤቱ ዝቅ ወዳለው ሜዳ ገፍተን አወጣነው። ስንገፋም ቁልፉን አልነካንም። አንድ ባልዲ አሸዋም አጠገቡ አስቀመጥን፤ ቤንዚን ውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ውሃ እሳቱን ያሰፋዋል እንጂ አያጠፋውም።

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። አባታችን ቀደም ብለው አንድ ባለሙያ ጋር ወስደውት ነበር። እሱም ኮፈኑን ሳይከፍት «ባትሪው ነው» ብሏቸው አዲስ ባትሪ ገዝተዋል። መኪናው ግን ጠዋት ጠዋት አመሉን አልተወም። እኛ አዲስ ዕቃ ከመግዛታችን በፊት ቤንዚኑን ከሰልባቲዮው እስከ ሞተሩ ድረስ በእግሩ ለመከተል ወሰንን። ከመካከላችን ሜካኒካል ምህንድስና የሚማሩ ነበሩ፤ የአካውንቲንግ ተማሪም ነበረ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የተሻለውን ጥያቄ የጠየቀው የአካውንቲንጉ ልጅ ነው፦ «የሚሸተው መቼ መቼ ነው?»

አባታችን አሰብ አድርገው፣ «ልጆቼ፣ የሞላሁለት ሰሞን ይሸታል፤ ከግማሽ ሲወርድ ይተወኛል» አሉን።

ይህ ቃል ግማሹን ሥራ ጨረሰልን። ፍሳሹ በግማሽ ላይ የሚቆም ከሆነ፣ ቀዳዳው ያለው ከሰልባቲዮው ግማሽ ከፍታ አካባቢ ነው ማለት ነው፤ ቤንዚኑ ከእሱ በታች ሲወርድ የሚንጠባጠብ ነገር የለም። ሞተሩን አስነስተን ስናይ ደግሞ ጠብታው ቆመ። ይህም ሌላ ፍንጭ ሆነ። በዲኤክስ ላይ የቤንዚን ፖምፓው ከሞተሩ ጎን የታሰረ፣ በሞተሩ ጉልበት የሚሠራ ነው። ከሰልባቲዮው እስከ ፖምፓው ያለው መስመር ሲሠራ ይመጠጣል፤ ከፖምፓው እስከ ካርቡራተሩ ያለው ደግሞ ይገፋል። ቀዳዳው በሚገፋው በኩል ቢሆን ሞተሩ ሲነሳ ፍሳሹ ይብስ ነበር። የቆመው በሚመጠጠው በኩል ስለሆነ ነው፦ ቆሞ ሲያድር ቤንዚን ያወጣል፣ ሲሠራ ደግሞ በዚያው ቀዳዳ አየር ይስባል።

ቦታውን በዓይን ማግኘት ግን ቀላል አልነበረም። ቤንዚን እንደ ዘይት መሬት ላይ ጥቁር ምልክት ትቶ አይሄድም፤ ይተንና መሬቱ ደርቆ ይገኛል። ብዙ ሰው «አይፈስም፣ መሬቱ ደረቅ ነው» የሚለው ለዚህ ነው። የረዳን የበጋው አቧራ ነው። የመኪናው ሆድ በአቧራ ተለብጦ ሳለ አንድ ቀጭን ታጥቦ የጸዳ መስመር፣ ዳር ዳሩ ቡናማ ሙጫ የመሰለ ነገር የያዘ፣ ከኋላ ጎማው አጠገብ ወደ ላይ ይወጣል። ጠብታው የሚወድቀው አንድ ቦታ፣ ምንጩ ሌላ ቦታ ነበር። መስመሩን ወደ ኋላ ስንከተለው ከሰልባቲዮው ጎን ወጥቶ ከብረት ቱቦው ጋር የሚገናኝ አንድ ስንዝር የማይሞላ የጎማ ቱቦ ላይ ደረስን። ጫፉ ፋሼታው ከያዘው ሥር እንደ ደረቀ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል።

ሰልባቲዮውን ማጉደል ስለነበረብን አንድ ወንድማችን እንደ ተለመደው ቱቦ ከትቶ በአፉ ሊስብ ተዘጋጀ። ፆሙ ትዝ ሲለው ተወው። ፆም ባይሆንም አይገባም ነበር፤ ቤንዚን በትንታ ወደ ሳንባ ከገባ ሰው ይገድላል። የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ፈትተን፣ ቀን በቀን፣ ሜዳ ላይ፣ ወደ ቆርቆሮ ጀሪካን ቀዳነው። በሃይላንድ ማስቀመጥ ግን የወረፋ ዘመን ያመጣው ልማድ ነውና፣ እባካችሁ፣ ዶርም ውስጥ አልጋ ሥር ያስቀመጠ ካለ ዛሬውኑ ያውጣ። (ያን ቀን መግሪብ ላይ ሰፍ ውስጥ ግራና ቀኛችን ለምን እንደ ሰፋ የገባን ከሰላምታ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ለሥራው የተለየ ልብስ አለን።)

አሁን ወደ ጠዋቱ ችግር። እዚህ ላይ መኪናው አደናግሮን ነበር፤ ምክንያቱም ጠዋት ብቻ ሳይሆን ቀትር ላይ ሞቆ ከቆመ ከአሥር ደቂቃ በኋላም አይነሳም ነበር። ሆኖም ሁለቱ ተቃራኒ ነበሩ። ጠዋት የአየር ፊልትሮውን አንስተን ወደ ካርቡራተሩ ጉሮሮ እያየን የቤንዚን መስጫውን በእጅ ስንገፋ ምንም አይረጭም፤ ደረቅ ነው። ቀትር ላይ ደግሞ ጉሮሮው ርሷል፣ ካንዴላው ሲፈታ እርጥብ ነው፣ ሲነሳም ጥቁር ጭስ ይተፋል። ጠዋት ይራባል፣ ቀትር ያቅረዋል ማለት ነው። ቤንዚን የሚቃጠለው ከአየሩ ጋር ሲደባለቅ ድርሻው ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲሆን ብቻ ነው፤ ከዚያ ቢያንስም ቢበዛም ካንዴላው በከንቱ ይተኩሳል።

የሁለቱ ምንጭ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ገንዳ ነበረች። ገንዳዋን የሚጠብቃት እንደ ውሃ ጋን ያለ ጋሌጃንቴ ነው፤ ሲሞላ ተንሳፎ በመርፌ መግቢያውን ይዘጋል። ፈትተን ስናየው መርፌው መቀመጫው ላይ ቆሻሻ ነበረበትና አጥብቆ አይዘጋም። ሞተሩ ሞቆ ሲቆም ሙቀቱ ገንዳዋ ውስጥ ያለውን ቤንዚን ያፈላዋል፤ መርፌውም ካልዘጋ ተርፎ ወደ ጉሮሮ ይፈሳል፦ ይህ የቀትሩ ነው። እያደር ገንዳዋ ባዶ ትቀራለች። ጠዋት ሊሞላት የሚገባው ፖምፓ ደግሞ በተሰነጠቀው ቱቦ ቤንዚን ሳይሆን አየር እየሳበ ይደክማል፦ ይህ የጠዋቱ ነው። ፖምፓውንም አላመንነውም ነበር። ውስጡ ያለው ስስ ላስቲክ ቢቀደድ ቤንዚን ከሞተር ዘይት ጋር ይቀላቀላልና የዘይት መለኪያውን መዘን አሸተትነው። ዘይት ብቻ ሸተተን፤ ፖምፓው ጤነኛ ነው።

የቱቦውን ነገር በሳሙና እናልፈው ያሉ ነበሩ። ሳሙና ቤንዚን አያሟሟውም፤ መንገድ ላይ ለቀረ ሰው የሰልባቲዮ ቀዳዳ ላይ ቢለጠፍ እስከ ቤት ያደርሳል። ለሚመጠጥ ጎማ ግን አይሆንም፤ በሰው መኪና ላይም አይሆንም፣ አማና ነው። ቤንዚን የሚችል ቱቦና ሁለት ፋሼታ ወልቂጤ ገዛን፤ መርፌውንና መቀመጫውን አጠብን። ሁሉም ተደምሮ ከዚያ ባትሪ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ካገደ ወዲህ እንዲህ ያሉት አሮጌዎች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። የቤተሰቦቻችሁ ደጅ ላይ የቆመውንም ለዒድ ስትሄዱ ጎንበስ ብላችሁ እዩት።

ጠዋት አሁን በሁለተኛው ሙከራ ይነሳል፣ አልሐምዱሊላህ። ሽታውም የለም፤ ሰልባቲዮውን ጢም አድርገን ሞልተን ሁለት ሌሊት ፈትነነዋል። የቀትሩ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ከካርቡራተሩ ሥር የሞተሩን ሙቀት የሚከለክለው ወፍራም ጓርኒሲዮን ተሰብሯል፤ ወልቂጤ አጥተን ቡታጅራ እንዲፈለግ ልከናል። እስከዚያው መኪናውን የምትወስዱ፣ ሞቆ አልነሳም ካለ የቤንዚን መስጫውን ደጋግማችሁ አትርገጡ፤ ይብሳል። አንዴ እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ ይዛችሁ ሞቶሪኖውን አዙሩ፣ አየር ይገባለታል። ካልሆነም ኮፈኑን ከፍታችሁ ሩብ ሰዓት ጠብቁት። ማቆሚያው አሁንም ከአጥሩ ውጭ፣ ዝቅ ያለው ሜዳ ላይ ነው፤ ዝናብ ቢሆንም ወደ ግቢ አታስገቡት።