የሸንኮራ ትራፊና የምድጃችን ነገር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ወለጋ በሚወስደው ጎዳና የሚጓዝ ሰው ሆለታን ካለፈ በኋላ አዲስ ዓለም ይደርሳል። ኤጀሬ እየተባለች የምትጠራው ይህች ከተማ ዛሬ መንገደኛ ሻይ ጠጥቶ የሚያልፍባት ትሁን እንጂ፣ እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ለመሆን ጥቂት ብቻ ቀርቷት ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደዚያ ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት የጀመሩት ጦርነት ወይም ቸነፈር አስገድዷቸው አልነበረም። ያስገደዳቸው የማገዶ እንጨት ማለቅ ነበር። በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ደን ለቤት መሥሪያና ለምድጃ ተጨፍጭፎ ስላለቀ ከተማይቱን ለቆ ወደ አዲስ ደን መጠጋት ግድ መስሎ ታይቶ ነበር። ዳሩ ግን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ በማደጉ አዲስ አበባ ከመፈታት ዳነች፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ስለ ዘመቻና ስለ ሹመት የጻፉትን እኩሌታ ያህል እንኳ ስለ ማገዶ ጽፈው ቢሆን ኖሮ፣ የአገራችንን ታሪክ ከዚህ በተሻለ ባወቅነው ነበር እንላለን።

እኛ ተወልደን ያደግነው ከአዲስ ዓለም አልፎ፣ ከአዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአምቦ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው ይህች ከተማ በፍል ውሃዋና በጠርሙስ እየታሸገ በመላ አገሪቱ በሚሸጠው የማዕድን ውሃዋ የታወቀች ናት። ይህን ዝና ሰምቶ የሚመጣ እንግዳ ግን በማለዳ ተነሥቶ ከየጣሪያው የሚወጣውን ጢስ ቢመለከት፣ የከተማይቱ ዕለታዊ ኑሮ የቆመው በውሃው ሳይሆን በእንጨቱ መሆኑን ይረዳል። ጭራሮና ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች፣ ከሸክሙ ብዛት የተነሣ ፊታቸው ሳይታይ፣ በመንገዱ ዳርና ዳር ተሰልፈው ወደ ገበያ ይገባሉ። እናቶቻችን በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ እንጀራ ሲጋግሩ አይተን አድገናል። በቤታችን ውስጥ ያ እንባ እንደ ሊጡና እንደ ምጣዱ ሁሉ የጋገራ ሥራ አንድ ክፍል ተደርጎ ይቆጠር ነበር።

በዚያው ጎዳና ላይ፣ በእነዚያው ሴቶች አጠገብ፣ ስኳር የጫኑ ትልልቅ መኪናዎች ከጌዶ በኩል እየመጡ ያልፋሉ። በገበያው ቀንም ከቆላው የመጣ ሸንኮራ በክምር ይሸጣል። ልጅ ሳለን ጭማቂውን መጠን ገለባውን እንተፋዋለን፤ ማታ የገበያው ሜዳ በተመጠጠ ሸንኮራ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ከላሞችና ከአህዮች በቀር ፈላጊ አልነበረውም። ያ የተተፋው ነገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማወቅ ወደ ፋብሪካው መዝለቅ ያስፈልጋል።

አንድ ቶን አገዳ ወደ ወፍጮው ሲገባ የሚገኘው ስኳር 100 ኪሎ ያህል ነው። ጭማቂው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ገለባ፣ በፋብሪካ ቋንቋ ባጋስ የሚባለው፣ ከ250 እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል። ከዚህም ሌላ 40 ኪሎ ያህል ጥቁርና ወፍራም ሞላሰስ ይወጣል። ስለዚህ የስኳር ፋብሪካ የምንለው ቤት ነገሩ በሚዛን ከታየ ከስኳሩ ይልቅ ገለባ የሚያመርት ነው። የባጋሱ እኩሌታ ውሃ ስለ ሆነ፣ የሚሰጠው ሙቀት ከደረቅ እንጨት ሙቀት ወደ ግማሽ ዝቅ ይላል። ቢሆንም ማንም ዛፍ ሳይቆርጥ፣ ማንም በጀርባው ሳይሸከም፣ ወፍጮው ራሱ በየሰዓቱ ወደ እሳቱ አፍ የሚገፋው ማገዶ ነው። ባጋሱ ነድዶ ውሃውን ያፈላል፤ እንፋሎቱ ተርባይን አዙሮ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ከተርባይኑ ሲወጣም ገና ሙቀት ስላለው ሄዶ ያንኑ ጭማቂ ያፈላል። ባለሙያ የሆነች ሴት በአንድ እሳት ወጡንም ቡናውንም እንደምታደርስ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ጥበብ ለብዙ ዘመን በሚገባ አልተሠራበትም። በአገራችን በዘመናዊ መንገድ ስኳር መሥራት የተጀመረው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ባቋቋመው በወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን በየአገሩ የነበሩት የስኳር ፋብሪካዎች ባጋስን ያነድዱ የነበረው ለራሳቸው ሥራ በሚበቃ መጠን ሲሆን፣ የቀረውን እንደ ችግር ይቆጥሩት ነበር። በደጅ ከተከመረ ከውስጡ እየሞቀ እሳት ያስነሣልና፣ የእንፋሎት ጋኖቹ ማገዶ እንዲቆጥቡ ሳይሆን እንዲጨርሱ ተደርገው ይሠሩ ነበር። በከፍተኛ ግፊት የሚሠሩ ጋኖች ሲመጡ ግን ያው ገለባ እጥፍና ከእጥፍ በላይ ኤሌክትሪክ እንደሚሰጥ ታወቀ። ከሰል ቆፍራ የማታወጣ፣ ዘይት የማይገኝባት ትንሿ ደሴት ሞሪሸስ ከስኳር ፋብሪካዎቿ ለሕዝቧ መብራት ስትሰጥ ኖራለች። ብራዚልም እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣችው ዕቅድ ከሸንኮራ አልኮል አውጥታ መኪናዎቿን ነድታበታለች።

ወደ ፊንጫአ ሸለቆ የወረድነው ከጥቂት ዓመታት በፊት በታኅሣሥ ወር ነበር። ከአምቦ ጉደርን አልፈን፣ ከጌዶ የወለጋውን ዋና መንገድ ትተን ወደ ሰሜን ታጠፍን። ደጋው ላይ ገበሬው ጤፉን እያጨደ ነበር፤ ብርዱም ጋቢ የሚያስደርብ ነበር። ሸለቆው አፋፍ ላይ ደርሰን ቁልቁል ስንመለከት ግን ከታች የተዘረጋው የአገዳ አረንጓዴ ዓይን አያዳርሰውም፤ ስንወርድም ጋቢያችንን አውልቀን ያዝን። ፋብሪካው የሚገኘው በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ነው፤ ማምረት የጀመረውም በ1991 ዓ.ም. ነው። ወሰኑ ከምዕራብ ሸዋ ውጭ ይሁን እንጂ፣ ስኳሩ ወደ መሀል አገር የሚጓዘው በእኛው ከተሞች መካከል ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን የውሃው ጉዞ ነው። ውሃው ከደጋው ሐይቅ ተነሥቶ ገደሉን ሲወርድ አስቀድሞ የኤሌክትሪክ ተርባይን ያዞራል። ይህ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራ የጀመረ ሲሆን አቅሙ በኋላ 134 ሜጋዋት ደርሷል። ውሃው ከዚያ ወደ ሸለቆው ገብቶ እንደ ዝናብ በሚረጩ ቧንቧዎች አገዳውን ያጠጣል፤ የተረፈው ወደ ዓባይ ይሄዳል። አገዳው አድጎ ተጨምቆ ገለባው ሲነድ፣ ያንኑ ውሃ የጠጣው ተክል ሁለተኛ መብራት ይወልዳል። የፋብሪካው የማመንጨት አቅም ከማስፋፋቱ ሥራ በኋላ 31 ሜጋዋት እንደ ደረሰና፣ ከራሱ ፍጆታ የሚተርፈው ለብሔራዊው መስመር እንዲሰጥ እንደ ታቀደ ተገልጿል። መጠኑ ከግድቡ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ወቅቱን ማየት ይገባል። ፋብሪካው አገዳ የሚፈጨው በበጋ ነው፤ በክረምት መሬቱ ስለሚጨቀይ ቆረጣው ይቋረጣል፤ መኪናዎቹም ይጠገናሉ። ግድቦቻችን የሚሞሉት በክረምት፣ የሚጎድሉት በበጋ ነው። እንግዲህ ገለባው የሚነድደው ውሃው በሚቀንስበት ጊዜ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ መግጠም ሰው አቅዶ የሚያገኘው አይደለም።

የዚህ ሁሉ ዋጋ ግን በነጻ አልተገኘም። የደጋው ሐይቅ ሲሞላ ብዙ የግጦሽ መሬት ተሸፍኗል፤ ከቀያቸው የተነሡ ቤተሰቦችም ነበሩ። ስንመለስ ከመንገዱ ዳር የተጠበሰ በቆሎ ከሚሸጡ አንዲት አሮጊት ዘንድ ቆመን ነበር። ከበስተጀርባቸው ትልቁ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ቆሟል፤ እሳታቸው ግን የባሕር ዛፍ ቅጠል ነበር። በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተን፣

«እናታችን፣ መብራት በቤትዎ ገብቷል?» ብለን ጠየቅናቸው።

ቀና ብለው ሽቦውን አዩና፣ «ልጆቼ፣ ይህ ሽቦ በላዬ ሲያልፍ ብዙ ዓመት ሆነው፤ አንድ ቀን እንኳ እንደምን አደርሽ ብሎኝ አያውቅም» አሉን። ሳቁና በቆሏችንን ገለበጡ። እኛ ግን የምንመልሰው አጣን።

ከገለባው ይልቅ ለእኒህ እናት ሊቀርብ የሚችለው ሞላሰሱ ነው። ባጋስ እርጥብና ብዙ ቦታ የሚይዝ ስለ ሆነ ጭኖ አምቦ ድረስ ማምጣት አያዋጣም፤ ጥቅሙ በዚያው በበቀለበት ነድዶ በሽቦ ሲላክ ነው። ሞላሰስ ግን ተጠንስሶ ሲጣራ አልኮል፣ ማለትም ኢታኖል ይሆናል፤ ከአንድ ቶን 250 ሊትር ያህል ይገኛል፤ በቦቴም ይጓዛል። የፊንጫአ አልኮል ለሁለት ነገር ተፈልጎ ነበር። አንደኛው ለመኪና ነው፦ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ከሚሸጠው ቤንዚን ጋር ከመቶ አምስት እጅ እየተቀላቀለ፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮም ወደ ዐሥር እጅ ከፍ ብሎ ይሸጥ ነበር። ሁለተኛው ለምድጃ ነው፦ ጋያ የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በአልኮል የሚሠራ ምድጃ በአዲስ አበባ ቤቶች አስሞከረ። ምድጃው 1.2 ሊትር የሚይዝ ቆርቆሮ አለው፤ ውስጡ ፈሳሹን መጥጦ በሚይዝ ነገር የተሞላ ስለ ሆነ ቢገለበጥ አይፈስም፤ አንዴ ከተሞላም ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይነድዳል። ጢስ የለውም። ይኸው ምድጃ በጅግጅጋ አጠገብ በቀብሪ በያህ ለሰፈሩ የሶማሌ ስደተኞችም ታድሎ፣ እንጨት ፍለጋ ሩቅ እየሄዱ አደጋ ይደርስባቸው የነበሩ ሴቶችን ከዚያ ጉዞ አሳርፏል። ለስደተኞቹ መድረሱ የሚያስመሰግን ነው፤ ምሥራቅ ጫፍ ድረስ መጓዝ የቻለ ነገር በጌዶ ገበያ አለመገኘቱ ግን ሊጠየቅ ይገባዋል።

በእኛ አስተያየት አልኮሉ አስቀድሞ ለምድጃ መሰጠት ነበረበት። የቤንዚኑ ወገን ክርክር ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ቤንዚን የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ እኛም የመንግሥት ሣጥን ቁልፍ ያዥ ብንሆን ኖሮ ምናልባት ዓይናችን መጀመሪያ ወደዚያው ይሄድ ነበር። ነገር ግን ከመኪናው ውስጥ የገባው አልኮል ከቤንዚኑ አብዛኛውን እጅ ሳይነካ ጥቂቱን ብቻ ይተካል። ከማእድ ቤት የገባው ግን ከሰሉን፣ ጭራሮውንና ጢሱን በአንድነት ያስወጣል። የውጭ ምንዛሪው በመዝገብ ስለሚጻፍ ይታያል፤ የሴቲቱ ዓይንና የተራራው ደን ግን የሚጻፉበት መዝገብ አልተበጀላቸውም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። አንደኛ፣ የአልኮል ምድጃ ወጥና ቡና እንጂ እንጀራ አይጋግርም፤ ምጣድ ሰፊ እሳት ይፈልጋል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድም ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚወስድ ያለ በቂ መስመር አይሠራም። ስለዚህ ከአልኮሉ ጋር የሽቦው ነገር አብሮ ይመጣል። ሁለተኛ፣ አንድ ሊትር አልኮል ሲጣራ ከ10 እስከ 15 ሊትር የሚደርስ ቪናስ የሚባል ቡናማ ዝቃጭ ይተዋል። ወንዝ ውስጥ ከፈሰሰ ዓሣውን ይገድላል፤ ከብቱ የሚጠጣውንም ውሃ ያበላሻል። ፖታሲየም ስለሚበዛበት ግን በልኩ ቀጥነው ቢያጠጡት ለአገዳው ማዳበሪያ ይሆናል፤ በጉድጓድ ቢከድኑት ደግሞ የሚነድድ ጋዝ ይሰጣል። ከቆረጣ በፊት በማሳው ላይ የሚቃጠለው ደረቅ የአገዳ ቅጠልም አለ፤ ማታ ማታ ሰማዩን የሚያቀላው ያ እሳት ማንንም ሳያሞቅ የሚጠፋ ማገዶ ነው።

በመጨረሻ አንድ ሒሳብ አስልተን ነበር። የፊንጫአ የአልኮል ክፍል ከተስፋፋ በኋላ አቅሙ በዓመት 20 ሚሊዮን ሊትር እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው። አንድ ቤተሰብ በቀን አንድ ሊትር ያነድዳል ብንል፣ ይህ ለ54,000 ቤት ይበቃል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የአምቦ ከተማ ነዋሪ 48,171 ሰው ነበር፤ በየቤቱ አራት ሰው ቢቆጠር 12,000 ቤት ማለት ነው። ከተማይቱ ከዚያ ወዲህ አድጋለች፤ ጉደርና ጌዶም፣ ጊንጪና ባኮም አሉ። ፋብሪካው ከአቅሙ በታች የሚሠራባቸው ዓመታት እንዳሉም እናውቃለን። ቢሆንም በቆጠራው ዘመን ለነበረችው አምቦ ሩቡ ይበቃት ነበር።